ኦቦ ቡልቻ የሚያነበው ቡጢ

ዓብዩ የሚጽፈውን የቡጢ ዘገባ ስድስት ዓመት ሙሉ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ እሱ አጻጻፍ ማንም አያስተምረኝ። ራሕማ እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ዓብዩ ኮምፒውተር አይነካም። በመስመር ወረቀት ላይ ግራ ቀኙን ሞልቶ በእስክሪብቶ ይጽፍና ያመጣልኛል፤ እኔ ተይቤ «የድሬ ቡጢ» በሚባለው የቴሌግራም ቻናሉ ላይ እለጥፍለታለሁ።

ዓብዩ በወጣትነቱ የከዚራ ክለብ ቦክሰኛ ነበር። ያ ነገር ከደሙ አልወጣም። የከዚራ ልጅ ቡጢ ሲሰነዝር ሰማይ ይሰነጠቃል፣ ባቡር ሐዲዱን ይስታል፣ ተመልካች ትንፋሹን ይውጣል። የሌላ ሰፈር ልጅ ያንኑ ቡጢ ሲሰነዝር ግን «ጓንቱ ጉንጩን ነካ አደረገው» ነው የሚባለው። የከዚራው ልጅ ካሸነፈ ተጋጣሚውን ደቁሶ፣ ፈጭቶ፣ አቡክቶ ነው። ቢሸነፍ ደግሞ አልተሸነፈም፤ «ድሉ ወደ ሌላ እጅ አዘነበለ»። አንድ ጊዜ አንድ የከዚራ ልጅ ገና በመጀመሪያው ዙር በዝረራ ተሸንፎ በቃሬዛ ወጣ። ዓብዩ «ጀግናው ለጥቂት ጊዜ ዐረፍ አለ» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ።

«ዓብዩ፣ ይሄ ልጅ እኮ ራሱን ስቶ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ ራሱን የሳተ ሰው አያርፍም?»

«የሚያነበው ሰው ማን እንዳሸነፈ እንዴት ይወቅ?»

«ማሸነፍ የዳኛ ጉዳይ ነው። እኔ የምጽፈው ስሜቱን ነው። አቦ አንቺ ዝም ብለሽ ተይቢ።»

ዝም ብዬ አልተይብም ነበር፤ እየተነጫነጭኩ ነው የምተይበው። ማታ ቤት ስገባም ለታናሽ እህቴ ለፊርዶስ የዕለቱን ቅጽሎች አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ፊርዶስ ራሷ ቦክሰኛ ስለሆነች ትስቅልኛለች ብዬ ነው። አንዳንዴ ትስቃለች፣ ብዙውን ጊዜ ግን ደክሟት እንቅልፍ ይወስዳታል።

ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን የዓብዩን ጽሑፍ ለመዝናኛ የማያነብ አንድ ሰው አለ፤ ኦቦ ቡልቻ ይባላል። አራት የሰፈር ክለቦች ተሰባስበው ያቋቋሙት የቡጢ ኅብረት አለ፤ ኅብረቱ በየዓመቱ አዲስ አበባ ወደሚካሄደው የክለቦች ውድድር ቡድን ይልካል፤ ቡድኑን የሚመርጠው ኦቦ ቡልቻ ነው። ግጥሚያዎቹ የሚደረጉት ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። በዐሥር ሰዓት ደግሞ ኦቦ ቡልቻ ወዳጁ ዐብዱላሂ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቅማል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ከዚያ ፍራሽ ላይ የሚያስነሳው ነገር ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ግጥሚያ አያይም፤ ያስነብባል። ዐብዱላሂ ድምፁ ያማረ ነው። የዓብዩን ዘገባ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ቃሚው ሁሉ ያዳምጣል፣ ኦቦ ቡልቻ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማና ይመርጣል። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቃል። የሚቃወም የለም፤ ተቃዋሚውም በዚያ ሰዓት በርጫ ላይ ነው።

እንዲያም ሆኖ የሚመረጠው ቡድን የከዚራ ልጆች ብቻ አለመሆኑ አልፎ አልፎ ይገርመኝ ነበር። የዕድል ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩት።

ፊርዶስ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ከፈረቃዋ ስትወጣ የመጋላ ሰፈር ክለብ ውስጥ ትለማመዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሮጣለች፤ ስትመለስ አሸዋውን ከጫማዋ የምታራግፈው እኔ አልጋ አጠገብ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በሃምሳ አራት ኪሎ አዲስ አበባ የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዘንድሮ ለዚያ ቦታ የቀሩት ፊርዶስና የከዚራ ክለቧ ኢፍራህ ነበሩ። እህቴ ከዚያ ቦታ ሌላ ምንም አትመኝም ነበር።

የግጥሚያው ዕለት ጠዋት ዓብዩ ደወለልኝ።

«ራሕማ፣ የደንጌ ትኩሳት ጣለኝ። አጥንቴ በሙሉ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው የሚመስለው። የዛሬውን አንቺ ሄደሽ ጻፊ።»

«ዛሬ የምትገጥመው እኮ እህቴ ናት።»

«እና ምን ይሁን? እኔስ ስጽፍ የኖርኩት ስለማን ነው? ሁሉም ልጆቼ ናቸው። በስሜ ልጠፊው፣ ቻናሉ የኔ ነው። ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚዛናዊ ሁን፣ ሚዛናዊ ሁን ስትይ ጆሮዬን በላሽው። እስቲ ሚዛኑን ያዢው።»

ዐዘንኩለት፤ ልቤ ግን ጮቤ ረገጠ። ትክክለኛ ዘገባ ምን እንደሚመስል ለዚህ ከተማ ላሳይ ነው። አዲስ ደብተር ገዛሁ። በአንዱ ገጽ አናት ላይ የኢፍራህን፣ በሌላው የፊርዶስን ስም ጻፍኩ። የሚያርፈውን ቡጢ ሁሉ በጭረት ልቆጥር ነው።

ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ዙር ላይ እኩል ነበሩ። በሁለተኛው ዙር ፊርዶስ ግራ እጇን ማውረድ ጀመረች፤ ኢፍራህ ያቺን ክፍተት አየቻትና ደጋግማ በቀኟ ገባችባት። በሦስተኛው እህቴ እግሯ ከበዳት፣ አንድ ዐይኗም አበጠ። ሦስቱም ዳኞች ለኢፍራህ ሰጡ። ትክክል ነበሩ። እኔም ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ሱቄ ሄድኩና ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት «ፊርዶስ በነጥብ ተሸነፈች» የሚል ነበር። አየሁት፤ ደስ አላለኝም። «ለጥቂት» የምትል ቃል ጨመርኩበት። «ለጥቂት» ብቻዋን ቆማ አሳዘነችኝና «ሊታመን በማይችል የዳኞች ውሳኔ» የሚል ጎረቤት ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ እጄን የሚያቆመው ጠፋ። የኢፍራህ ቡጢዎች በሙሉ «ነካ አደረጓት» ሆኑ። የፊርዶስ ቀኝ እጅ ነጎድጓድ ሆነ። ኢፍራህን እንደ ክረምት ደቻቱ ጠርጋ ወሰደቻት። ያበጠው ዐይኗን ሳስታውስ ትንሽ ተቸገርኩ፤ በመጨረሻ «ፊርዶስ ተጋጣሚዋን በንቀት ዐይኗን አጥብባ ተመለከተቻት» ብዬ ገላገልኩት። ሳነበው እንባዬ መጣ። ስለ ውበቱ ነበር ያለቀስኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሳልለጥፈው ለዓብዩ ወሰድኩለት። አንሶላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ቀስ እያለ አነበበ። ሲጨርስ ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

«ራሕማ፣ ሰፈሩን ብቻ ነው የተሳሳትሽው እንጂ ይሄ የኔ እጅ ነው» አለኝ። «አሁን ብሞትም አይቆጨኝም።»

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። የሚያሳፍረው ነገር ግን ደስ ብሎኝ ከቤቱ መውጣቴ ነው።

ቤት ስደርስ ፊርዶስ በላስቲክ የታሰረ በረዶ ዐይኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። በአንድ ዐይኗ አነበበች።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ ማንንም በንቀት አላየሁም። ዐይኔ አብጦ ነው።»

«እሱ አጻጻፍ ነው።»

«ጠርጋ ወሰደቻት ይላል። የት ነው የወሰድኳት?»

«ፊርዱ፣ ኦቦ ቡልቻ ይህን ከሰማ ይልክሻል። ሽንፈት ብቻውን አይጥልም፣ ስንቱን ተሸናፊ ልኳል።»

በረዶውን ከዐይኗ አወረደች። ዐይኗ ወይንጠጅ ሆኗል። «እሺ ይላከኝ። አዲስ አበባ የምትገጥመኝ ልጅ ይህን ወረቀት አታነብም። በቡጢ ነው የምታናግረኝ። ያኔ ነጎድጓድሽ ሪንግ ውስጥ ገብቶ ይከላከልልኛል?»

ወረቀቱን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ስድስት ዓመት የሰውዬውን ቅጽል ስትቆጥሪብኝ ኖረሽ፣ በአንድ ቀን ከሱ ባስሽ። ወላሂ ዓብዩ ይሻላል፤ እሱ እንኳ የሚዋሸው ለሰፈር ነው። የሆነውን ጻፊ። ከሄድኩ በራሴ ነው የምሄደው።»

ተናድጄ ወጣሁ፣ ተናድጄ ተመለስኩ። ከዚያ ደብተሬን ከፈትኩና እንደገና ጻፍኩ። አጭር ነበር። ኢፍራህ ሠላሳ ቡጢ አሳረፈች፣ ፊርዶስ ዐሥራ አራት። በሁለተኛው ዙር ፊርዶስ ግራ እጇን ስላወረደች ተመታች። ሦስቱም ዳኞች ኢፍራህን መረጡ። ኢፍራህ አሸነፈች። አንድም ቅጽል አልነበረበትም። እንደተባልኩት በዓብዩ ስም ለጠፍኩት። ለእህቴ የምትመኘውን ቦታ በገዛ እጄ የዘጋሁባት መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዐብዱላሂ ሱቄ መጣ። ኦቦ ቡልቻ የመረጠውን የቡድን ዝርዝር በእጁ ጽፎ ልኮታል፤ ተይቤ ማኅተም የሚመታበት ቦታ እንድተውለት ነው። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ሃምሳ አራት ኪሎ ሴት የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። «ፊርዶስ፣ መጋላ» ይላል።

«ዐብዱላሂ፣ ይሄ ስሕተት ነው። ያሸነፈችው እኮ ኢፍራህ ናት። ዘገባውን አላነበብክላቸውም?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጉድ አይደል እንዴ? ሰው ሁሉ ነው የደነገጠው።»

«በምኑ?»

ዐብዱላሂ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የሚናገረው። «ተመልከቺ። ዓብዩን እናውቀዋለን። ስለዚህ ኦቦ ቡልቻ ሒሳብ አለው። ዓብዩ ስለ ከዚራ ልጅ የጻፈው በግማሽ ይወሰዳል፣ ስለ ሌላው ሰፈር የጻፈው እጥፍ ይደረጋል። ስንት ዓመት የሠራንበት ነው። ኢፍራህ ከዚራ ናት፤ ሠላሳ በግማሽ ዐሥራ አምስት። ፊርዶስ መጋላ ናት፤ ዐሥራ አራት በእጥፍ ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት ለዐሥራ አምስት። የምን ማሸነፍ ነው? ደግሞ አንድም ነጎድጓድ የለበትም። ለከዚራዋ ልጅ ነጎድጓድ ካልጻፈላት፣ ልጅቷ ክፉኛ ተደብድባለች ማለት ነው። ኦቦ ቡልቻማ አዘነላት።»

ቡድኑ ለምን የከዚራ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እኔ ስነጫነጭ የኖርኩበትን ጉዳይ እነሱ ፍራሽ ላይ ተጋድመው በማባዛትና በማካፈል ጨርሰውታል። የተበላሸው እውነት የተጻፈ ዕለት ነው።

ዝርዝሩን አልተየብኩም። ለፊርዶስ በምሳ ሰዓቷ ደውዬ ነገርኳት። ደስ ብሏት ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ደስ ባላት ብዬም ተመኘሁ።

«ዐሥር ሰዓት እወጣለሁ። ዐብዱላሂ ቤት ጠብቂኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም፣ ዝርዝሩን ይዤ ቀድሜ ገባሁ። ስምንት ያህል ሰው ትራሱን ተደግፎ ተደርድሯል። ኦቦ ቡልቻ መሐል ላይ፣ ሽርጡን አደላድሎ፣ ቀንበጥ እየመረጠ ነው። በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ዓብዩ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ዘገባውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ቁጥር ነው፤ አይበዛም አይካፈልም።

ኦቦ ቡልቻ ዐይኑን ከፈተ። «አንቺ ማነሽ?»

«የፊርዶስ እህት ነኝ።»

ቤቱ ተንጫጫ። አንዱ፣ እህት ከሆነች ለእህቷ አጋንና ነው የምትጽፈው፣ ስለዚህ ዐሥራ አራቱ ሰባት ነው አለ። ሌላው፣ እህት ሆና ተሸነፈች ብላ ከጻፈች ቅናት ነው፣ ስለዚህ ዐሥራ አራቱ አርባ ሁለት ነው አለ። ሦስተኛው ዓብዩ ራሱ የላከኝ ነው የሚመስለው አለ፤ የከዚራዋን ልጅ ለማስገባት ታምሜያለሁ ብሎ የሸረበው ነው። ዐብዱላሂ በስልኩ ማስሊያ ሦስቱንም ሞከረ። ኦቦ ቡልቻ ጣቱን አንስቶ ዝም አሰኛቸው።

«ልጄ፣ አታስቸግሪን» አለኝ። «በዓብዩ ውሸት ስንት ዓመት ተግባብተን ኖረናል። በአንቺ እውነት አንድ ቀን መዋል አቃተን።»

እንዲህ ሲል ነው የግቢው በር የተከፈተው። ፊርዶስ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ከኋላዋ ኢፍራህ አለች፣ ጓንቶቹን በገመዳቸው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። ፊርዶስ ከፓርኩ ወጥታ በቀጥታ የሄደችው ኢፍራህ ጋ ነበር።

«ኦቦ ቡልቻ፣ አንድ ጊዜ ውጣልንና እይ» አለች እህቴ። «ሦስት ዙር ብቻ። ከዚያ የፈለግከውን ምረጥ።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት?»

«አቦ ጫትህን ይዘህ ውጣ» አለች ኢፍራህ። «የተደበደበችው እሷ ናት ተብዬ ሰፈር ውስጥ መሄድ አቅቶኛል። ዛሬ ጎረቤቴ መድኃኒት ይዛልኝ መጣች።»

ወጣ። ማንም ያላመነው ይህንን ነው፤ ኦቦ ቡልቻ በዐሥር ሰዓት ተኩል ከፍራሽ ተነስቶ፣ ጫቱን በብብቱ ይዞ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ። ሌሎቹም ትራስ ትራሳቸውን ይዘው ተከተሉት። ዐብዱላሂ በስልኩ ሰዓት ያዘ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

በመጀመሪያው ዙር የኢፍራህ ቀኝ እጅ የእህቴ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ፣ ድምፁ የግቢው ግድግዳ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ኦቦ ቡልቻ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ይሄ ነገር ያማል እንዴ?» አለ ወደ ዐብዱላሂ ዞሮ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዓብዩ ያማል ብሎ ጽፎ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልቃመም። እኔ እጭራለሁ። ኢፍራህ መታች። ኢፍራህ መታች። ፊርዶስ መታች። ኢፍራህ መታች። ያቺን ደብተር ወርውሬ መሐላቸው መግባት ነበር ያማረኝ። እህቴ ስትመታ እኔን አመመኝ፤ ጭረቱን ግን በእሷ ሳይሆን በኢፍራህ ገጽ ላይ ነው የጫርኩት፤ እዚያ ነው ቦታው።

ሦስተኛው ሲያልቅ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው ይተነፍሱ ነበር። ኦቦ ቡልቻ አጠገባቸው ሄዶ በየተራ ፊታቸውን ተመለከተ። ከዚያ ዝርዝሩን ከእኔ ተቀበለና ግድግዳው ላይ አስደግፎ የፊርዶስን ስም ሰርዞ የኢፍራህን ጻፈ። ማንም ሒሳብ አልጠየቀውም።

«እንግዲህ ግጥሚያውን ጠዋት አድርጉልኝ» አለ። «እየመጣሁ አያለሁ።»

ኢፍራህ እህቴን አቅፋ በጆሮዋ የሆነ ነገር በሶማሊኛ ነገረቻት። ፊርዶስ ራሷን ነቀነቀች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም፤ ሁለት ዓመት የሮጠችለት ቦታ ሲሰረዝ በዐይኗ አይታለች።

ወደ ቤት ባጃጅ ይዘን ሄድን። የደቻቱን ድልድይ ተሻገርን። ያበጠው ዐይኗ በእኔ በኩል ነበር።

«ምን ጻፍሽ?» አለችኝ ድንገት።

«ገና አልጻፍኩም። ጭረት ብቻ ነው ያለኝ።»

«አንብቢልኝ።»

ደብተሩን ከፍቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዙር ኢፍራህ ዘጠኝ፣ ፊርዶስ አምስት። በሁለተኛው ኢፍራህ ስምንት፣ ፊርዶስ ስድስት። በሦስተኛው ኢፍራህ ሰባት፣ ፊርዶስ ሰባት።

«ሦስተኛውን ድገሚው» አለች።

«በሦስተኛው ዙር ኢፍራህ ሰባት፣ ፊርዶስ ሰባት።»

«አልጨመርሽልኝም?»

«አንድም።»

ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባጃጁ ሰፈር እስኪገባ ድረስ ሦስተኛውን ዙር አራት ጊዜ አስነበበችኝ።